ወረቀት የለጠፈን ሁሉ ነጻ ለሚያወጡት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የጋዝ ተከላ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ሳንባዎ ንጹሕ አየር፣ ቆዳዎ ቅዝቃዜ፣ አፍንጫዎም ሰላም እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ፣ በእርስዎ ውሳኔ ላይ «አመልካቿ» የተባልኩት ሴት ነኝ። ታናሽ እኅቴ ደግሞ «ተጠቃሚዋ» ናት። እናታችን ያወጣችልን ስም እያለ ሌላ ለማውጣት ስለደከሙልን እናመሰግናለን።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ብቻ ልልከው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መመሪያዎ ባለፈቃድ የጋዝ ገጣሚ ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ፎቶ ካነሳ፣ ከዚያ በኋላ ለሚደርስ ጉዳት አይጠየቅም ስለሚል፣ እኔም ከሊቅ ተምሬ በመግቢያ በርዎ ላይ ለጥፌ ፎቶ አንስቼዋለሁ። አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ስለ ፈቃዱ አመሰግናለሁ። እኅቴ ጸጉር ሠሪ ነበረች። ለማጠቢያው ሙቅ ውሃ ስላስፈለጋት በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ልታስገጥም ስትነሳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ማንም ሠፈር ያለ ልጅ ይገጥምልሻል» ሲላት፣ እርሷ ግን «በእሳት አልቀልድም» ብላ የእርስዎ ማኅተም ያለበትን ፈቃድ በመስታወት አድርጎ የሰቀለውን ሰው መርጣ አመጣች። እርሱም ሲሊንደሩን ከጓዳ አቁሞ፣ የጋዙን ጎማ ከማሞቂያው ጋር አገናኝቶ፣ እጁን በእርሷው ፎጣ ጠርጎ ሄደ።

፪. ስለ አፍንጫው ደግሞ እጥፍ ምስጋና ይገባዎታል። ብዙም ሳይቆይ ጓዳው ይሸት ጀመር። እኅቴ ሲሊንደሩን ዘግታ ጠራችው። መጣ፤ ጎማው ላይ የሚያፈስ ቀዳዳ የሚያጋልጥ የሳሙና አረፋ እንኳ ሳይቀባ በሩ ላይ ቆሞ አሸተተና «እኅቴ፣ ይሄ የጋዝ ሽታ አይደለም፤ የራስሽ የጸጉር ቀለም ነው» አላት። «ወንድሜ፣ ከቀለም ጋር ነው ያረጀሁት፤ ሽታውን አልስተውም። እባክህ ጎማውን እየው» ብትለው፣ ስቆ ከቦርሳው ቢጫ ወረቀት አወጣና ግድግዳው ላይ ለጥፎ ፎቶ አነሳ፤ ሲሊንደሩንም በገዛ እጁ መልሶ ከፍቶላት ወጣ። ወረቀቱ «ሽታ ከተሰማዎ ምንም እሳት አይለኩሱ፤ ሲሊንደሩን ይዝጉ፤ ባለፈቃድ ገጣሚዎን ይጥሩ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ሸተታት፤ አልለኮሰችም፤ ዘጋች፤ ጠራች። የመጣው እርሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ማድረግ እንደነበረባት ከወረቀቱ ብናነብ ደስ ባለን፤ ወረቀቱ ግን እዚያ ላይ ያልቃል።

፫. በማግስቱ ረፋድ አንዲት ደንበኛ ጸጉሯን ልትታጠብ ተቀምጣ ሳለ፣ እኅቴ የባለፈቃዱን ቃል አምና ቧንቧውን ስትከፍት ማሞቂያው በራሱ ተለኮሰ፤ ጓዳውም አብሮት። እሳቱ በወለሉ እየተሳበ ወደ ወንበሩ ሲመጣ፣ እኅቴ ደንበኛዋን ከነፎጣዋ ወደ ውጭ ገፍትራ አስወጣቻት። እርሷም መውጣት ትችል ነበር። ነገር ግን ከላይኛው ፎቅ ከአልጋ የማይነሱ አሮጊት አከራይ አሉና፣ ተመልሳ ገብታ በነደደ እጇ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋችው። የእርስዎ ባለፈቃድ የከፈተውን መሆኑ ነው። አሮጊቷ ዛሬም በሕይወት አሉ። የእኅቴ ጣቶች ግን እርስ በርስ ተጣብቀው መቀስ መያዝ ተስኗቸዋል። የሰው ጸጉር ስታሳምር የኖረችውን ሴት፣ አሁን ማበጠሪያ አያያዝ የማላውቀው እኔ አበጥራታለሁ፤ እያሳመምኳት «ጎበዝ፣ እየለመድሽ ነው» ትለኛለች።

፬. ስለ ውሳኔዎ። ገጣሚው ይጠየቅልን ብዬ ባመለክት፣ «ማስጠንቀቂያው በአግባቡ ስለተለጠፈ ባለፈቃዱ ጥበቃ ይገባዋል» ብለው ፈርመዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ አህያዋን ትቶ ለጅቡ ጠበቃ የሚቆም ባል መኖሩን ግን ያወቅሁት ከእርስዎ ነው።

የቀረውን በቁጥር ልወስነው አልችልም፤ ምክንያቱም እርስዎም የነበሩበት ነው።

ይግባኝ ልል መጥቼ ከሠራተኞች ሻይ ቤት አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ በእንቅልፌ እንኳ የማልስተው ያ ሽታ መጣብኝ። ሻይ የሚያፈሉትን እናት «እማማ፣ አይሸትዎትም?» ብላቸው፣ «ሰነበተ እኮ ልጄ፤ ብነግራቸው ከፍሳሹ ነው አሉኝ» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ አልዋሽዎትም፤ የእርስዎን በር አየሁና ለአንድ አፍታ ዝም ልል ከጀለኝ። ነገር ግን ምድጃው አጠገብ የቆሙት እርስዎ አልነበሩም፤ እኒያ እናት ነበሩ። ስለ እርሳቸው ስል ጮኽኩ።

እርስዎም ወጥተው «ማነው የገጠመው?» ብለው ጠየቁ። ጥበቃው የሰውየውን ስም ሲነግርዎ፣ ፊትዎ እንደ ዱቄት ነጥቶ፣ ሠራተኞችዎን በክርንዎ እየገፉ ደረጃውን ሲወርዱ አየሁ። ቢጫው ወረቀት በሻይ ቤቱ በር ላይ ነበርና «ክቡር ሆይ፣ ማስጠንቀቂያው ተለጥፏል እኮ! ምን ያስሮጥዎታል?» ብዬ ተጣራሁ። የሚሮጥ ሰው ትንፋሽ የለውምና ባለመመለስዎ አልተቀየምኩም። ግቢው ውስጥ ትንፋሽዎ ሲመለስ ግን፣ በሠራተኞችዎ ሁሉ ፊት «ያ ሰውዬ ዳግመኛ እዚህ ግቢ እግሩ እንዳይረግጥ! ሌላ ገጣሚ ጥሩ!» አሉ። ሌላው ገጣሚ መጥቶ ጎማው ላይ ሳሙና ሲቀባ፣ አረፋው እንደሚፈላ ውሃ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ የጠበቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ የሰውየውን ፈቃድ ይነጥቁታል ብዬ። እርሱም አልሆነም። ሰውየው ዛሬም በእርስዎ ማኅተም በየሰው ቤት ሲሊንደር ያቆማል፤ የተከለከለው የእርስዎን መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ነግ በኔን ለራስዎ ብቻ ያወቁ ሰው ነዎት።

ስለዚህ እኔም ዝም አላልኩም። እኅቴ ከእሳት ገፍትራ ያወጣቻት ደንበኛ ጠበቃ ናት፤ ጉዳዩን «የሕይወቴ ዕዳ ነው» ብላ ይዛዋለች። ሻይ የሚያፈሉት እናትና ጥበቃው ያዩትንና የሰሙትን ለመመስከር ቃል ገብተዋል። ፍርድ ቤቱም በገጣሚው ብቻ ሳይሆን በእርስዎም ላይ የቀረበውን ክስ ተቀብሏል። ዳኛው ፊት የሚጠየቁት አንዲት ጥያቄ ናት፦ ለእርስዎ ሻይ ማፍያ ያላመኑትን ሰው፣ ለእኅቴ ጓዳ እንዴት አመኑት? መልሱን በሚያምር ቋንቋ እንደሚያዘጋጁት አልጠራጠርም። እኔም አዲስ ቀሚስ ሰፍቼ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ አንዲት ቃል እንድታመልጠኝ አልፈልግም።

እስከዚያው ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ጉንፋን እንኳ አይንካዎ፤ በሕመም ምክንያት ቀጠሮ እንዲተላለፍ የማልፈልግ፣ ለዕድሜዎ መርዘም ከቤተሰብዎ ይልቅ የምሳሳ፣

ታማኝ አመልካችዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለእኅቴ ሳነብላት «ተይው፣ ይቅር እንበለው፤ ኃላፊውም ልጆች ይኖሩታል» ብላኛለች። ልበ ገር ናት፤ ይህን ሰምተው ተስፋ እንዳያደርጉ ግን አደራ። ታላቋ እኔ ነኝ።