ቦቴው ላይ ስንት ፍሬ ነበረ?

ጥቅምት 4

ጠዋት ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ከዚያ ከመጽሐፌ አንድ አንቀጽ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ... አንድ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ።

ቀትር ላይ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ መጋላ ገበያ ወረድኩ፣ ወደ ጓደኛዬ ኢፍራህ የጨርቅ ሱቅ። በዚህ ሙቀት ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘግቶ ይተኛል። ኢፍራህ ግን አልተኛችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ጣቃ ላይ ተቀምጣለች። በረንዳዋ ላይ የሚሰፋው ዛኪርም ከስፌት መኪናው ተነስቶ ገብቷል። መሃላቸው የመጫወቻ ካርድ ሳጥን።

ሹፌሩ ሊባን ነው ያመጣው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚያውቀው ሰው፣ ልጆቼ አድገዋል ውሰደው ብሎት። ሊባን ራሱ ዛሬውኑ ከባድ መኪናውን አስነስቶ ተመለሰ። “እኔ በረሃ ላይ ከማን ጋር ልጫወት አባዮ፣ እህቴ? ከግመል ጋር?”

ሥዕሎቹ ያምራሉ። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ። ማናችንም አናነብም።

“ቀሚስሽ አልቋል፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው” አለኝ ዛኪር። ቁልፍ ብቻ ከቀረው ሰባት ወሩ። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ “መጽሐፍሽስ?” አለ።

ካርዶቹን መቁጠር ጀመርኩ።

ጥቅምት 6

አው ኻሊፍ መጡልን! ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ የሠሩ ሰው። ፈረንሳይኛቸውን ከዚያው ከምድር ባቡር ይዘው ነው ጡረታ የወጡት። መነጽራቸውን ረስተዋል። ካርዱን አንዴ እያራቁ አንዴ እያቀረቡ አነበቡልን።

ሁለት ሰው ነው የሚጫወተው። እያንዳንዱ ሃያ ነፍስ ይዞ ይነሳል፤ ያለቀበት ተሸነፈ። ካርዱ ዓይነት ዓይነት ነው። ተዋጊ አለ። ድግምት አለ። “ይኼ ደግሞ ዕቃ ነው” አሉ፣ ሆዱ የሰፋ የመዳብ ጋን የተሳለበትን ይዘው። “ዕቃ አይዋጋም። ጣቢያው ላይ ቆሞ ሥራውን ይሠራል።”

ምን ይሠራል?

ብዙ አነበቡ። “ሲቴርን... የውኃ ፉርጎ በሉት።”

“ቦቴ ነዋ!” አለ ዛኪር። ቦቴ ሆኖ ቀረ።

እንዳይጠፋብኝ ልጻፈው። ቦቴው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ተራሽ በደረሰ ቁጥር አንድ ምልክት ትጭኝበታለሽ። ዝም ብሎ ይቆማል፣ ማንንም አይነካም። ከዚያ በራስሽ ተራ፣ ሲያሰኝሽ፣ የፈለግሽውን ያህል ታወርጃለሽ፤ የወረደው እያንዳንዱ ከባላጋራሽ አንድ ነፍስ ይወስዳል። ቦቴው ከተሰበረ ግን ጭነቱ አብሮ ይጠፋል። ወደ እጅሽ ቢመለስም ባዶውን ነው የሚመለሰው። “ጭነቱ የፉርጎው ነው፣ የባለቤቱ አይደለም” አሉ አው ኻሊፍ።

ለምልክት ምን እናድርግ? ኢፍራህ ጋ የባቢሌ ለውዝ አለ፣ የተቆላ፣ ጨው የነካው። አንድ ለውዝ አንድ ፍሬ ተባለ።

ልቤ ለምን እንዲህ ይመታል? ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ እኮ ነው።

ጥቅምት 7

ሰሌዳ ላይ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበረብኝ። “ቦቴው ሞላ” ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ተያዩ። እኔ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥቅምት 11

አሸነፍኩ! ኢፍራህን፣ በአሥራ አራት ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ! እሷ ተዋጊዎቿን እየላከች ስትፈነጭ እኔ ዝም ብዬ ጫንኩ። አንድ... አንድ... አንድ። የሚጣፍጠው ማውረዱ አይደለም። መጫኑ ነው። ፍሬዎቹን ሦስት ሦስት አድርጌ ስደረድራቸው እጄ ይሞቃል።

“ይህቺ ሴት እኮ አድብታ ነው የምትበላን” አለች ኢፍራህ።

ከዛኪር ጋር ግን... ዘጠኝ ፍሬ ነበረኝ። ተራዬም ነበር። አሥር ትሙላ ብዬ አለፍኩ። ዛኪር መዶሻ የሚባለውን ካርድ መዘዘ፤ ዕቃ ይሰብራል። ቦቴዬን ሰበረው። ዘጠኙንም ሰብስቦ አፉ ውስጥ ከተታቸው።

“የፈሰሰ ጭነት የመንገደኛ ነው አቦ!”

አሥር ምን ያደርግልኝ ነበር? ምንም። አሥር ደስ ይላል፣ በቃ።

ጥቅምት 15

ዛሬ ጠብ። ኢፍራህ እያወራች ከራሷ ቦቴ ሦስት ፍሬ በልታለች። ሳታውቀው! ሲጎድልባት “ጭኛለሁ፣ አይታችኋል፣ ወላሂ ጭኛለሁ” ትላለች። ዛኪር “አዎ፣ ጭነሻል፣ በልተሻልም” ይላል።

አው ኻሊፍ ፈረዱ። “ጅቡቲ አሥር ጆንያ ተጭኖ ድሬ ሰባት ከደረሰ፣ የደረሰው ሰባት ነው። ፉርጎው ላይ ያለው ብቻ ይቆጠራል። ሆድ ውስጥ ያለውን ማን ይቆጥራል?”

ሕግ ሆነ። ኢፍራህ አኩርፋ አሥር ደቂቃ አላናገረችንም። እያኮረፈችም ለውዝ በላች።

ጥቅምት 20

ዛሬን እንዴት ልጻፈው...

አው ኻሊፍ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። የቦቴውን ካርድ አንስተው ታች ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አዩ። አጉተመተሙ። ደግመው አነበቡ። “ልጆች፣ ይቅር በሉኝ። ሁለት ሳምንት በሐሰት አጫውቻችኋለሁ።”

በራስሽ ተራ አይደለም የሚለው። በማንኛውም ጊዜ ነው! በባላጋራም ተራ! መዶሻው ተነስቶ ገና ሳይወርድ “ቆይ” ብለሽ ያለሽን ሁሉ ማውረድ ትችያለሽ። መዶሻው የሚያገኘው ባዶ ቦቴ ነው።

ተነስቼ ሱቁን ዞርኩት። ከጣቃ ጋር ተጋጨሁ።

“ይኼማ ማጭበርበር ነው!” አለ ዛኪር።

“ፈረንሳይኛ ነው” አሉ አው ኻሊፍ።

ገብቷቸው ይሆን ምን ማለት እንደሆነ? እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ አለመወሰን ይቻላል። ምንም ሳይጠፋብኝ! ለእኔ የተጻፈ ሕግ። ያ ጅቡቲ ያለ ሰው ልጆቹ እንኳን አደጉለት!

ጥቅምት 24

አምስቴ ተጫወትኩ፣ አምስቴ አሸነፍኩ። ዛኪር ጢሙን እየጎተተ ነው። ኢፍራህ ያን ጊዜ ተነሳችና ውርርድ አመጣች። ቅዳሜ፣ እኔና ዛኪር፣ አንድ ጨዋታ። ዛኪር ከተሸነፈ ቀሚሴን በዚያው ቀን ጨርሶ ያስረክባል።

“ቱሪያ ከተሸነፈችስ?” አለ።

“ከመጽሐፏ የመጀመሪያውን ምዕራፍ። እዚሁ፣ ጮክ ብላ ታነባለች” አለች ኢፍራህ።

ማንም አንዲት መስመር አይቶ አያውቅም፤ ኢፍራህ እንኳን፣ ከሕፃንነታችን አብረን ያደግን። ሁሉም እምቢ እንደምል ጠብቀዋል።

“እሺ” አልኩ።

የማን ድምፅ ነበር? የኔ ነው። የተማመንኩት በቦቴው ነዋ! ማን ያሸንፈኛል?

ጥቅምት 26

ምዕራፍ አንድን ለግድግዳው አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ያነክሳል። ያቺ በሩ ሥር የቆመች ሴት... ለምን ይህን ያህል ትቆማለች? ብታመምስ ቅዳሜ? ጉንፋን። ኢፍራህ አታምንም፤ ጉንፋን ያዘኝ ብል መድኃኒት ይዛ ነው የምትመጣው።

አልሸነፍም። አልሸነፍም። ለምንድነው ታዲያ ሦስተኛውን አንቀጽ ያስተካከልኩት?

ጥቅምት 29

በቅደም ተከተል። ተረጋጊ።

ሱቁ ሞልቷል፤ ማለቴ አምስት ነን። ሊባን ትናንት ገብቷል፣ በሩ አጠገብ ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ። አው ኻሊፍ ዳኛ፣ በመነጽር።

ቦቴው በሁለተኛው ተራዬ ወጣልኝ። መጫን ጀመርኩ። ዛኪር እንደ እብድ ነው የመታኝ፤ ከሃያ አሥራ ሦስት፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አራት። እኔም በተዋጊዎቼ ዘጠኝ ነፍስ ላይ አድርሼዋለሁ። ከዚያ ተራዬ ደረሰ፣ ዘጠነኛዋን ፍሬ ጫንኩ። ዘጠኝ ነፍስ፣ ዘጠኝ ፍሬ።

አልቆ ነበር። ማውረድ ብቻ ነበር።

አላወረድኩም። ምን ያስቸኩላል? መዶሻውን ሲያነሳ አወርዳለሁ። ወይም አሥር ትሙላ። “አልፌያለሁ” አልኩ። አው ኻሊፍ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

ዛኪር ብዙ አሰበ። በጣም ብዙ። ላቤ ይወርዳል፣ ማራገቢያው ቀጥ ብሏል፣ መብራት ሄዷል። ሁሉም የዛኪርን እጅ ያያል። እኔም እጁን አያለሁ። በመጨረሻ መዘዘ። መዶሻ!

“ቆይ!” ብዬ ጮህኩ፤ ሊባን ውኃውን ደፋ። ተነስቼ ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እያንዳንዷን ዛኪር ፊት አስቀመጥኩለት። ሰባት። ስምንት።

ስምንት።

ቦቴው ላይ ምንም የለም። ጠረጴዛው ሥር አየሁ። ጣቃው ሥር አየሁ። ዛኪር አንድ ነፍስ ይዞ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

“ጭኛለሁ! ዘጠኝ ጭኛለሁ፣ አይታችኋል!”

“አባዮ” አለ ሊባን ቀስ ብሎ፣ “አፍሽ።”

ጨው ጨው አለኝ። እያኘኩ ነበር።

ኢፍራህ ጣቃው ላይ ወደቀች። ሳቋ መንገድ ድረስ ተሰማ። አው ኻሊፍ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ “ሆድ ውስጥ ያለ አይቆጠርም” ለማለት ሦስቴ ጀምረው ሦስቴ ሳቅ ያዛቸው። ዛኪር በሚቀጥለው ምት ጨረሰኝ። እኔም ሳቅኩ። ለውዟን እየዋጥኩ።

ከዚያ ሁሉም አዩኝ።

ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ እስክይዘው ድረስ አላሰብኩበትም። ካልተሸነፍኩ ላይነበብ... ለምን ይዤው መጣሁ?

አነበብኩ። ሦስተኛው አንቀጽ አላነከሰም። ያላሰብኩበት ቦታ ላይ ኢፍራህ ሳቀች፤ ቀና ብዬ አየሁ፣ ልክ ነበረች፣ ያስቃል። አው ኻሊፍ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ተኙ፣ አልኩ በልቤ። ቀጠልኩ። ጨረስኩ።

ውጭ ባጃጅ አለፈ።

“ሴትየዋ በሩን ከፈተችው?” አለ ዛኪር።

“ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው።”

“ይኼ ግፍ ነው ወላሂ!”

አው ኻሊፍ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ “የሚቀጥለው ጣቢያ ስንት ሰዓት ይደረሳል?”

ጥቅምት 30

ስነቃ እየሳቅኩ ነበር።

ኅዳር 2

ለውዟን አውቄ ነው የበላኋት? ራሴን ጠየቅኩ። አላውቅም። እጄ ታውቅ ይሆናል።

ሁለተኛውን ምዕራፍ ለኢፍራህ ሰጠሁ። የተጣላኋት ይመስል ሰጥቼ ሮጥኩ። ስወጣ ዛኪር ከመኪናው ላይ ጠራኝ። ቀሚሴን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ሁለት ቁልፍ ተተክሏል።

“ሁለት ብቻ?”

“ስንት ምዕራፍ ሰጠሽን?”

“ውርርዱን ያሸነፍከው እኮ አንተ ነህ። ምንም የለብህም።”

“እኔ ምን ቸገረኝ። ሴትየዋ ግን በሩን ከፍታ ትገባለች ወይስ እዚያው ቆማ ትቀራለች?”

ኅዳር 5

ኢፍራህ በጠዋት ደወለች። ሰላም እንኳን ሳትለኝ፣ “ያን የሴትየዋን ወንድም ለምን ገደልሽው?” ብላ አለቀሰችብኝ።

አለቀሰች! እኔ በደስታ ክፍል ውስጥ ምሳሌ መስጠት አቃተኝ።

ሦስተኛውን ምዕራፍ ወሰድኩላቸው። አራተኛውን ጀመርኩ፣ አልሰረዝኩም።

ኅዳር 20

ስድስተኛው ምዕራፍ ሱቁ ውስጥ ነው፤ የትኛው ገጽ ማን እጅ ላይ እንዳለ እኔም አላውቅም። አንዱ ገጽ ከሊባን ጋር ጅቡቲ ወርዷል ይባላል። ፈራሁ። ደግሞም ደስ አለኝ።

ቀሚሱን ለብሼ ሄድኩ። ስድስት ቁልፍ፣ ሙሉ። ወገቡ ጠቦኛል። “ከስምንት ወር በፊት ለነበረችው ሴትዮ ነው የሰፋሁት፣ ለውዝ ሳትጀምር” አለ ዛኪር።

ተጫወትን። ቦቴው ወጣልኝ። ጫንኩ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሦስተኛው ላይ ማንም መዶሻ ሳያነሳ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ ሦስቱንም አወረድኳቸው። ሳወርድ ያዩኝ ሁሉ ደነገጡ።

“ምነው? ገና ነው እኮ!” አለ ዛኪር።

“እንዲሁ።”

ተሸነፍኩ፣ በሰፊው። ሌላ ይጫወት ብዬ ተነስቼ ሰባተኛውን ምዕራፍ እዚያው ጣቃው ላይ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ፣ እነሱ እየጮኹ።

ለውዝ ለጨዋታ ታግዷል። የኢፍራህ አዋጅ ነው። ምልክቱ አሁን ከዛኪር ቆርቆሮ የሚወጣ ትርፍ ቁልፍ ሆኗል፣ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል። ቁልፍ አይበላም።

አረጋግጫለሁ።