የልጅ ስም ሳይጠሩ ያመሰገኑት መምህርት ስንዱ ህሩይ (1956–2017 ዓ.ም.)

መምህርት ስንዱ ህሩይ ከአባታቸው ከአቶ ህሩይ ፋንታሁንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩ አያሌው በ1956 ዓ.ም. በድብ ባሕር ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ እኛን ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገውናል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው አጠናቀቁ። በ1977 ዓ.ም. በመምህርነት ሠልጥነው ሳንጃ ጥቂት ዓመት ካስተማሩ በኋላ አዘዞ በአጸደ ሕፃናት ሥራ ጀመሩ። በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ነጋ ሰውአገኝ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

መምህርት ስንዱ ልጅ አይመቱም፤ በበርበሬ ጭስ ይታጠን ሲባሉም አይሰሙም ነበር። «ከመቅጣታችሁ በፊት መቼ መቼ እንደሚያስቸግር እዩት» ይሉን ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ዝማሬ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ጓደኞቿን እየቧጨረች አስቸገረች። ወላጆች ትውጣልን አሉ። መምህርት ስንዱ ሲከታተሏት የምትቧጭረው ጨዋታው በድንገት ሲቋረጥባት ነበር። ስለዚህ ደወሉ ሳይደወል አስቀድመው ይነግሯት፣ በምሳ ሰዓትም ልጆቹን እጅ እንድታስታጥብ ጆጉን ይሰጧት ጀመር። ልጅቱ ረጋች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አንድ ቀን በር ላይ፣ በወላጆች ፊት፣ «ዝማሬ እንዴት ያለች ሸጋ ልጅ ሆነች መሰላችሁ!» አሉ።

በአገራችን ልጅ በሰው ፊት ከተሞገሰ ዓይን ይበላዋል ተብሎ ይፈራል። እንዳጋጣሚ ዝማሬን በማግሥቱ አተኮሳት። እናቷ ወ/ሮ ሰርካለም «ልጄን በሰው ዓይን አስበሏት» ብለው ከትምህርት አስቀሯት።

መምህርት ስንዱ አልተቆጡም። ትኩሳቱ ሲለቃት ከነዝማሬ ቤት ሄደው፣ «የድብ ባሕር ልጅ ሆኜ ይህ ሊጠፋኝ አይገባም ነበር» አሉ።

«እንግዲያው አያመስግኗታ!» አሉ ወ/ሮ ሰርካለም።

«ካላመሰገንኋት ሸጋ መሥራቷን በምን ታውቃለች? ሥራውን ላመስግን፣ ስሟን አልጠራም።»

ወ/ሮ ሰርካለም ትንሽ አሰቡና «መልኳንም አያንሱ!» አሉ።

«መልኳንም አላነሣም።»

«በሉ እንትፍ እንትፍ ብለው ይመርቁልኝ።»

መረቋት። ሰኞ ዕለት ዝማሬ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ መምህርት ስንዱ «ዛሬ ውሃው ሳይፈስ የሁሉም እጅ ታጠበ፤ ሸጋ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ዝማሬም የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለችና እያፈረች ፈገግ ትላለች። ይህን አነጋገር እኔን እህታቸውን ጨምሮ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ወሰድነው። ዓይን ፈርተን ዝም የምንል ሰዎች ልጆቻችንን ማመስገን ቻልን።

መምህርት ስንዱ በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ጎንደር ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ነጋን፣ ልጆቻቸውን ሚስጥርንና ባምላክን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እኛን ታናናሾቻቸውን፣ እንዲሁም ሸጋ መሥራታቸውን መጀመሪያ ከእሳቸው አፍ የሰሙ ብዙ የአዘዞ ልጆችን ትተውልን ሄደዋል።

የእያንዳንዱን ሥራ የሚያይ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለልጆቻችን የሚራራ አንደበት ይስጠን። አሜን።