ነጃትም ሳናም

ወሎ ሰፈር፣ ነሐሴ 1989

ሰዓዳዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ይህን ፖስትካርድ ፖስታ ውስጥ ያሸግሁት ሌላ ሰው እንዳያነበው ብዬ ነው።

ዛሬ የሟች እህቴን መንትዮች ቦሌ ያለ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። እዚህ አውሮፕላን ጣራውን ሊነካ ደርሶ ሲያልፍ ማንም ቀና አይልም፤ ኮምቦልቻ ቢሆን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ነጃት ብቻ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ እየሮጠች እጇን ታውለበልብለት ነበር። ሳና እንደምታውቂያት ከስታ እቅፌ ውስጥ ነበረች።

ዶክተሩ፣ «ቫይረሱ በሁለቱም ደም ውስጥ አለ» አለኝ።

«ኧረ በአላህ! ነጃትን እኮ አንድ ቀን አሟት አያውቅም» አልኩት።

«የሷ ሰውነት እስካሁን እየተከላከለ ነው። የሳና መከላከያ ግን ቶሎ ተዳከመ።»

«አብረው ተወልደው? ለምን?»

«እኛም ገና አልደረስንበትም።»

ሰዓዳ፣ ግራ ገብቶኛል። በነጃት ልደሰት ወይስ ላልቅስ? በሳናስ ተስፋ ልቁረጥ? ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ታላቅና ታናሽ ናቸው?» ሲሉኝ «መንትዮች ናቸው» አልኳቸው።

ቦታው አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ደግሞ እዚያ ኮምቦልቻ ነጃትን ብቻ ትምህርት ቤት አስመዝግቢልኝ ያልኩሽን ተይው፤ ሁለቱንም አስመዝግቢልኝ።

ሐሚዳ