መጨረሻ ለገባችው ዋንጫ ለሸለመው ጽሕፈት ቤት

ለክቡር አቶ ዳኛቸው
የሰፈራችን የወጣቶች ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮልፌ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ባልደረቦችዎስ፣ በተለይም ያ የማይሳሳተው ኮምፒውተርዎ ደህና ነው? እኔ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ የምሸጠው የጁወይሪያ እናት ሃፊዛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ ባዘጋጁት የሴት ልጆች የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ልጄ ሁሉንም ቀድማ ስትገባ ሰፈሩ በሙሉ አይቷል፤ እርስዎም ከክብር ወንበርዎ ተነሥተው አጨብጭበዋል። ማክሰኞ በራችሁ ላይ የተለጠፈው ውጤት ግን አንደኛ ያደረገው፣ የጫማዋ ሶል መንገድ ላይ ተገንጥሎባት፣ ጫማውን በእጇ ይዛ እያነከሰች መጨረሻ የገባችውን ሳያት የተባለችውን የጎረቤታችንን ልጅ ነው። ዋንጫውም ለእሷ ተሰጥቷል። ልጄ ከዝርዝሩ ግርጌ ተገኝታለች። ስለዚህ ድንቅ ሥራ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ወር ለጥያቄና መልስ ውድድር ኮምፒውተር ላይ የተሠራውን ሠንጠረዥ ቀድታችሁ፣ ስሞቹን ብቻ ቀይራችሁ፣ በነጥቡ ቦታ የሩጫውን ደቂቃ በመሙላት ድካም ስለቆጠባችሁ አመሰግናለሁ። በለጠፋችሁት ወረቀት አናት ላይ «የጥያቄና መልስ ነጥብ» የሚለው ርዕስ እንኳ አልተነሣም። ከፍተኛውን ቁጥር ፈልጎ የሚያወጣው ማክስ የተባለው ትእዛዝም እዚያው ስለቀረ፣ ብዙ ደቂቃ የፈጀችውን አሸናፊ አደረጋት። በሩጫ የሚፈለገው ትንሹ ቁጥር ነውና ትእዛዙ ሚን መሆን ነበረበት። እኔም በሱቄ ኮምፒውተር ብዙ የተሸጠውን ዕቃ በማክስ፣ አቧራ የጠጣውን በሚን እለያለሁ፤ አቧራ ለጠጣው ግን እስከ ዛሬ ዋንጫ ሰጥቼ አላውቅም።

2. ይህን ለማስረዳት ረቡዕ ስመጣ፣ ሠራተኛዎ በታላቅ ትሕትና «እናቴ፣ እኛ ምን እናድርግ፣ ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው» ስላሉኝ፣ እርስዎም ከቢሮዎ ብቅ ብለው አቤቱታዬ በአንድ ወር ውስጥ እንደሚታይ ስላበሠሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በገዛ እጁ ያጨበጨበለትን በወረቀት የሚክድ ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

3. በሩጫው ተመርጠው ወደ አትሌቲክስ ማሠልጠኛ የሚላኩት ሦስት ልጆች ስም ከዚሁ ወረቀት ላይ ተወስዶ ሰኞ እንደሚላክ ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ቀልዴን ልተው። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እስከ ዘነበወርቅ ስትሮጥ የኖረችው ለዚህ ቦታ ነው። ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲህ የመሮጫ ጫማዋን አልጋ ሥር ወሽቃ፣ «እማዬ፣ ምናልባት ሳላሸንፍ ያሸነፍኩ መስሎኝ ይሆን?» ትለኛለች። አንጀቴን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ያሸነፈች ልጅ ማሸነፏን እንድትጠራጠር አድርጋችኋል፤ ለዚህ ምስጋና የለኝም።

4. ጎረቤታችን ሳያት ትናንት ዋንጫውን በፌስታል ጠቅልላ ቤታችን መጣችና የእኔ አይደለም ብላ ለልጄ ዘረጋችላት። ልጄ ደግሞ በተሳሳተ ወረቀት የመጣ ዋንጫ አልነካም አለች። ዋንጫው ባለቤት አጥቶ ቡፌያችን ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ልጆች ግን ዛሬ ጠዋት አብረው ሮጡ። ጫማው ከአልጋ ሥር ወጥቷል።

እኛም እንወጣለን። ሰኞ ቢሮዎ ሳይከፈት እኔ፣ ሁለቱ ልጆችና በዕለቱ ቆመው ያዩ የሰፈር እናቶች በሙሉ ደጃፍዎ ላይ እንገኛለን። መቀየር ያለበት አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ እሱ ተቀይሮ የጁወይሪያ ስም በቦታው ሳይገባ አንዳችንም ከበሩ አንነሣም።

ለእርስዎ ጤናን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ያዘዙትን ሁሉ ለሚፈጽመው ኮምፒውተርዎ ደግሞ የተሻለ አዛዥ እየተመኘሁ፣ አንገቴን ሳልደፋ እሰናበትዎታለሁ።

የአንደኛዋ እናት
ሃፊዛ

ማስታወሻ፦ ልጄ ሩጫዋን በሃያ ደቂቃ ጨርሳለች፤ እርስዎ አንዲት አቤቱታ ለማየት አንድ ወር ጠይቀዋል። በራስዎ ቀመር አንደኛ የወጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ሰኞ ስንመጣ ዋንጫውን ይዘንልዎት እንመጣለን።