ታማለች ያለው መልእክት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ከቀኑ 9፡00

ነጠላ ሳጥፍ ዋልኩ። ቅዳሜ ቁስቋም ነው፤ ሽሮ ሜዳ ሰው በሰው ሆኗል። አንዲት ሴትዮ ስምንት ነጠላ አስወርዳ፣ ጥለቱን ሁሉ በጥፍሯ ፈትጋ፣ ምንም ሳትገዛ ሄደች። መልሼ እያጠፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

የውጭ ቁጥር። መልእክት። በእንግሊዝኛ። ዐረብ አገር ካለው ኤጀንሲ ነው፤ ታናሽ እህቴን ማርታን ካስቀጠራት። ቤት ሠራተኛ ሆና ከሄደች ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆናት። ተጠሪ ብላ የሰጠችው የኔን ቁጥር ነው።

አራት መስመር። እህትሽ ማርታ «ዲዚዝድ» ነች ይላል። አሠሪዋ አሳውቃናለች ይላል። ወረቀቷን ለመጨረስ ከቤተሰብ ሰው ይወከል ይላል። በቃ።

ቃሏን አላውቃትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አላውቃትም። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተትኳት። የታመመ፣ በሽተኛ አለኝ። እሰይ አልኩ። ማስታወሻዬ፣ እህትሽ ታማለች ሲሉኝ እሰይ ያልኩ ሰው ነኝ። የባሰ ነበር የመጣብኝ።

ደወልኩላት። ዝግ ነው። አሥራ አራት ጊዜ ሞከርኩ። ዝግ። ቤት ለማንም አልተነፈስኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፤ ጠዋት 3፡00

መ/ር ተካ ጋ ሄጄ መጣሁ። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ቀጨኔ መውረጃው ላይ ነው ቤታቸው። ወደ ት/ቤት ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ያዝኳቸው። የፈለግሁት ምን ዓይነት በሽታ ሊሆን እንደሚችል እንዲነግሩኝ ብቻ ነበር።

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ግቢ አሉኝ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ከተማሪ ደብተር ላይ ወረቀት ቀደው ሁለት ቃል ጻፉልኝ፤ አንዱን ከአንዱ ሥር። ሁለቱም ስምንት ስምንት ፊደል። መነሻቸው አንድ፣ መድረሻቸው አንድ። የሚለያዩት ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊደል ላይ ብቻ ነው፤ አንደኛዋ አይ እና ኤስ፣ ሌላዋ ኢ እና ሲ።

«ይቺ ዲዚዝድ ናት፤ የታመመች። ይቺ ደግሞ ዲሲስድ…» ብለው ቆሙ። «የሞተች።»

የኔ የትኛዋ ናት አልኩ። የመጀመሪያዋ አሉኝ። ታዲያ ታማለች ማለት ነዋ!

«አስቴርዬ፣ ቃሏማ እንደዚያ ነው የምትለው። የጻፈው ሰው የትኛዋን አስቦ እንደጻፈ ግን እንዴት አውቃለሁ?»

ለሰው ታመመ ሲባል በዚች ቃል አይባልም አሉኝ። ለሳንባ ይሆናል፣ ለዛፍ ይሆናል፤ እገሌ ታመመ ለማለት ሌላ ቀላል ቃል አለ። ደግሞ ሰውዬው እንግሊዝኛ አይችልም፤ «እህት» የምትለዋን እንኳ ፊደል ገድፏል። እዚያ የገደፈ እዚህስ?

ወረቀቷን ለመጨረስ የሚለውን እንደገና አነበብኩት። የታመመ ሰው ወደ አገሩ ሲላክ ወረቀት ያልቅለታል። የሞተም ያልቅለታል።

ሱቅ ገብቻለሁ። አንዷን ነጠላ አራቴ አጠፍኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፤ ከቀኑ 7፡00

ኤጀንሲው ጋ ደወልኩ። ወንድ አነሳ፤ በዐረብኛ። ማርታ፣ ማርታ አልኩት። እሱም ማርታ፣ ማርታ አለኝ። ዘጋው።

ከዚህ የላካት ደላላ ስልኩን ቀይሯል። ቢሮው የነበረበት ፎቅ ላይ አሁን ፀጉር ቤት ተከፍቷል።

መ/ር ተካ ያሳዩኝን ይዤ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ታማለች ወይስ ሞታለች? ግልጽ ጥያቄ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰ። «አዎ። አዝናለሁ።»

አዎ! የቱ ነው አዎ? ደግሜ ጻፍኩ። አነበበው፤ ማንበቡን ስልኩ ያሳያል። አልመለሰም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5፤ ጠዋት 4፡00

እማዬ ለነገው በዓል ቀሚሷን አጥባ አሰጥታለች። ማርታ በሰላም ከገባች ለቁስቋም መጋረጃ አገባለሁ ብላ ተስላለች፤ እንደ ጸሎት እየደጋገመች ታወራዋለች። አባባ ሸማው ላይ ነው፤ መወርወሪያው ወዲህ ወዲያ ይላል። ለምን አትበይም አለችኝ። ሆዴን አልኳት። ዳማከሴ ልጭመቅልሽ አለች። ወጥቼ አለቀስኩ።

ላንቺ ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ፤ ለሌላ ለማን እነግራለሁ። ፎርሟን የሞላሁት እኔ ነኝ። አባባ አትሄድም ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያለዘብኩት፣ እኔ ነኝ እዚህ ጋ ፈርም ያልኩት። ከወር በፊት ደግሞ በድምፅ መልእክት ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ፊቴ ያብጣል ብላኝ ውሃ ጠጪ ብዬ መለስኩላት። ውሃ ጠጪ። እሱን እያሰብኩ ታማለች እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ወር ሙሉ ሰው እንዲህ ከታመመ…

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ጋ ሄድኩ። ብቻዬን መሸከም አቃተኝ። መልእክቱን ነገርኳቸው፣ ሁለቱን ቃል ነገርኳቸው። ጺማቸውን ያዙ።

«ልጄ፣ የሞተን ሳያለቅሱለት መቅረት ነውር ነው። በቁሙ ያለን ማልቀስ ደግሞ ሟርት ነው። ምን ይሻላል?»

እኔም እሱን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት አልኩ።

በበዓል መርዶ አይነገርም አሉ። እስከ ሰኞ ጠብቂ፣ ጠይቂ፣ አጣሪ። መልስ ካልተገኘ ሰኞ ማለዳ ሽማግሌ ይዤ ለመርዶ እመጣለሁ። ሦስት ቀን ሰጡኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ከቀኑ 10፡00

ቁስቋም ደርሰን ተመለስን። እማዬ ያን ሁሉ ዳገት እንደ ልጃገረድ ወጣችው። ታቦቱ ሲወጣ እልል አለች። ከጎኗ ቆሜያለሁ። ምን ብዬ ልጸልይ? ማርልኝ ልበል ነፍስ ይማር? አላወቅሁም። እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ ተንበረከክሁ።

ስንወርድ የማርታን የትምህርት ቤት ጓደኛ አገኘን። ማርታ እንዴት ናት አለች። እማዬ፣ ደህና ናት የኔ ልጅ፣ ሥራ በዝቶባት ነው የማትደውለው አለች። እኔን አየችኝ። አዎ በዪ ማለቷ ነው። አዎ አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7፤ ከቀኑ 8፡00

ደደብ ነኝ። ደደብ፣ ደደብ።

ሐያት! ከሱቃችን ፊት ለፊት ሻርፕ የምትሸጠው ሐያት ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ኖራለች። ዐረብኛ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። አምስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች! መልእክቱ እንግሊዝኛ ስለሆነ መልሱን እንግሊዝኛ ውስጥ ስቆፍር ከረምኩ። ሰውዬው ራሱ እንግሊዝኛ የለውም እኮ።

እሑድ አትከፍትም። አዲሱ ገበያ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ልጇን እያጠበች ነበር፤ በእርጥብ እጇ ስልኩን ተቀበለችኝ። ሰውዬው አነሳ። ዐረብኛዋን ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ፤ ብዙ አወራ። እኔ ፊቷን ብቻ ነው የማየው። አንዴ ዓይኗን ጨፈነች። ሞትኩ።

ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «መሪዳ ነው የሚለው። ማተት፣ ሞታለች፣ አላለም። ሦስቴ ጠየቅሁት፤ መሪዳ። ታማለች። አለች፣ አስቴር። በሕይወት አለች።»

ሆስፒታል ናት። ኩላሊቷን ነው። አሠሪዋ አድርሳት አልተመለሰችም፤ ስልኳም ሻንጣዋም እዚያች ሴት ቤት ቀርቷል። «አዝናለሁ» ያለው ከልቡ ነው፤ አዝኖ ነው።

የሐያት ወለል ላይ ተዘርግቼ አለቀስኩ። አሁን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ለእማዬ በፈገግታ ነው የምነግራት። ቀስ ብዬ…

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት 1፡00

ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

የመ/ር ተካ ባለቤት ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለእድርተኛ። ትናንት ከታክሲ ስወርድ የኛ ደጃፍ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው። እማዬ ደረቷን ትደቃለች። አባባ መሬት ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ጋሽ ወልዴ ከሩቅ አዩኝና እኔ አይደለሁም ብለው በእጃቸው አሳዩኝ።

ሰው እየገፋሁ ገባሁ። ጮህኩ። ታማለች! አልሞተችም፣ ታማለች!

ሴቶቹ ጭራሽ ባሰባቸው።

እማዬ ሁለት እጄን ያዘችኝ። ድምፅዋ አልቋል። «አስቴር፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔንም ታማለች ድረሺ ብለው ነው የጠሩኝ።»

እውነቷን ነው። እኛ አገር ማን ሞተ ተብሎ ተጠርቶ ያውቃል? ታሟል ነው የሚባለው። ትንሽ አሞታል፣ ድረሱ። ሰምቶ መንገድ ላይ ልቡ የማያውቅ የለም። እንግሊዞቹ በሁለት ፊደል ይለያዩታል፤ እኛ ጭራሽ አንድ ቃል ሰጥተነዋል። እህቴ ታማለች የምልበት ሌላ አማርኛ አጣሁ። ማልኩ፤ አላመነችኝም። ሐያት ራሷ መጥታ ማለች፤ አንቺንም ልከውሽ ነው አለቻት።

ድንኳኑ እንደቆመ ነው። ሰው መምጣቱን አላቆመም። የማርታን ድምፅ ካላሰማኋት በስተቀር…

ያው ቀን፤ ከቀኑ 9፡30

ተገኘች!

ሐያት ጠዋቱን ሙሉ ስትደውል አረፈደች። ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ያገራችን ልጅ ጽዳት ትሠራለች አሉ፤ እሷን አገኘቻት። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ማርታ አልጋ ድረስ ሄደችልን። በምስል።

ፊቷ አብጧል። ከንፈሯ ነጭ ነው። እሷ ናት። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ከኋላዋ ድንኳኑ፣ ጥቁር የለበሱት ሴቶች፣ አግዳሚው ሁሉ ይታያል። ማርታ አየች አየችና በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣

«እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ገልብጣ እልል አለች፤ ሌላዋ አፏን ያዘቻት። አባባ ተነስቶ ወጣ፤ ከጓዳ ጀርባ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁት። ጋሽ ወልዴ ድንኳኑን አውርዱ አሉ፤ ማንም ሳይረዳቸው ገመዱን ራሳቸው ይፈቱ ጀመር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ከቀኑ 11፡00

የሆስፒታሉ ወረቀት መጣ። ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ። መ/ር ተካ ጋ ወሰድኩት፤ ስለ ሚስታቸው ይቅርታ ሊሉኝ ጀመሩ፣ አስቆምኳቸው። ቃል በቃል አነበብነው። የማናውቀውን ጤና ጣቢያ ወርደን ነርሷን ጠየቅን።

ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል። እዚያ አያቆዩአትም። ቤተሰብ ኃላፊነት ወስጄአለሁ ብሎ ከፈረመ ይልኳታል። መንገዱ ራሱ አደጋ አለው ይላል። ይህንንም ጽፈውታል።

አባባ ፈረንጅ በጻፈው ወረቀት ላይ ሁለተኛ አልፈርምም አለ። አልፈረድኩበትም። እኔ እፈርማለሁ አልኩት።

እማዬ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ታማለች ስትዪኝ ምን ማለትሽ ነው አለች። ላለዝብላት አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት። ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑን፣ ሦስት ቀኑን፣ መንገዱን። ልትድን ትችላለች፣ ላትድንም ትችላለች። ከዚህ ሌላ የደበቅሁት የለም አልኳት። አላለቀሰችም። እሺ አለች።

ፈርሜአለሁ። ስሜን በሁለቱም ገጽ ላይ። ነገ ጠዋት ሐያት ትልከዋለች።

እማዬ ከውስጥ የማርታ አልጋ ወደ መስኮቱ ይዙር፣ ፀሐይ ያግኛት እያለች ነው። ብቻዋን መጎተት ጀምራለች። ወገቧን ያማታል፤ ልሂድ ላግዛት።