ከባንኩ ቀድሞ በሚደውለው አጭበርባሪ ስለ መቅናቴ

ክቡር የባንኩ ፕሬዚዳንት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሰላም፣ ስልክዎም የደንበኞችዎ ዕጣ ሳይደርሰው ገና በመጀመሪያው ጥሪ የሚነሣ እንዲሆን ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ የከተማውን የውሃ አገልግሎት ለአሥራ አራት ዓመታት በዋና ዳይሬክተርነት የመራሁ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በዘመኔ በብዛት ይደርሱኝ ነበር፤ አብዛኞቹንም «ለሚመለከተው ክፍል» ብዬ ከመራኋቸው በኋላ መልሼ አላየኋቸውም። ስለዚህ የእኔን በእሑድ ጋዜጣ ማውጣቴን ድፍረት ነው አይበሉ፤ ከልምድ የተገኘ ጥንቃቄ ነው።

ክቡርነትዎ፣ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርዎ፤ በስተርጅና ቅናት ይዞኛል። የምቀናውም በአንድ ሌባ ነው።

ታላቅ እህቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ያገለገለች ሴት ናት። የዓይኗን ሞራ ለማስገፈፍ ያጠራቀመችው ገንዘብ በባንክዎ ይገኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት በስልኳ ባየችው የመሸጫ ገጽ ላይ የልብስ ስፌት መኪና በግማሽ ዋጋ ቀረበላት፤ ሻጩም «ዛሬ ካልከፈሉ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ሲላት፣ የሱቅ አድራሻ እንኳ ሳትጠይቅ፣ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ገንዘቡን ላከችለት። መኪናው አልመጣም፤ ገጹም ተነነ። ይህ የእሷ ጥፋት ነው፤ ነግሬያታለሁ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ነግሬያታለሁ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን ከባንክዎ ጋር ስለምንካፈለው በቁጥር ላቅርበው።

፩ኛ. እህቴ በነጻ መስመራችሁ ደውላ፣ ጊዜዋ ለእናንተ ምን ያህል ውድ እንደሆነ በየሁለት ደቂቃው እየተነገራት፣ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አዳመጠች። ሲታክታት በማኅበራዊ ገጻችሁ ሥር፣ አገር ምድሩ በሚያየው ቦታ፣ ሙሉ ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ጽፋ አቤት አለች። ባንክዎ እስከ ዛሬ አልመለሰላትም። ይህ የምቀናበት ሌባ ግን በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ «ከባንኩ ነው የምደውለው፤ አቤቱታዎ ደርሶናል» ብሎ ደወለላት። ገጻችሁን ከእናንተ ይልቅ በትጋት የሚከታተልላችሁ ሰው ስላገኛችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

፪ኛ. ጠባዩን ሳላመሰግን ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። «እናቴ» ይላታል። አያቻኩላትም። ጉልበቷን እንደሚያማት ጠይቆ አውቋል፤ እኔ ወንድሟ ይህን የሰማሁት ከእሱ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ስመክራት ወሬ የምትቀይርብኝ ሴት፣ ለእሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ትቀመጣለች።

፫ኛ. እዚህ ላይ የእህቴን ሙያ ማወቅ ያስፈልጋል። በማዋለጃ ክፍል የመድኃኒት መጠንም ሆነ የሕፃን ክብደት አንዱ ጮክ ብሎ ሲናገር ሌላው ደግሞ ካልመለሰለት አይመዘገብም ነበር። ያ ሰው በስልኳ የመጣውን ባለ ስድስት አኃዝ የምስጢር ቁጥር እንድታነብለት ሲጠይቃት አነበበችለት፤ እሱም አንድ በአንድ ደግሞ መለሰላት። «ቁጥር ደግሞ የሚያረጋግጥ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ ሥራውንስ ያውቃል። በዚያች ቁጥር ከሒሳቧ እኩሌታው ወጣ፤ እሷ ግን እሱ እንደነገራት «ለደኅንነት ወደ ሌላ ሒሳብ የተዛወረ» ይመስላታል። ባንክዎ «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ብሎ ማስጠንቀቁን አልክድም። ማስጠንቀቂያው የተቀመጠው በስልኳ በላካችሁት የቤት መኪና ብድር ማስታወቂያ ግርጌ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር፤ ዓይኗ በሞራ የተሸፈነ ሴት እስከዚያ ድረስ አንብባ እንድትዘልቅ ስለጣላችሁባት እምነት ቤተሰባችን ምስጋናውን ያቀርባል።

፬ኛ. ሰውየው የቀረውን ገንዘብ ለማንሣት፣ በእሱ አነጋገር ደግሞ ሁሉንም «ለመመለስ»፣ ሁለተኛ ቁጥር ሊቀበላት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚደውል ቀጠሮ ሰጥቷታል። እኔም ወደ ቅርንጫፍዎ ሄጄ፣ የወረፋ ቁጥር ቆርጬ፣ ሒሳቡ እንዲታገድ ለመንሁ። ማሳገድ የምትችለው የሒሳቡ ባለቤት ራሷ ብቻ እንደሆነች በትሕትና ተነገረኝ፤ ትክክል ነው። እንግዲያው ደውላችሁ አስጠንቅቁልኝ ብል፣ ባንኩ ለደንበኞቹ ደኅንነት ሲል ለደንበኛ እንደማይደውል ተረዳሁ። በዚህም መሠረት መስመሩ ለሌባው ብቻ ተለቅቆለታል። እሷ ራሷ እንዳትመጣ ደግሞ «ከቅርንጫፉ ሠራተኞች መካከል ሌቦች ስላሉ ጉዳዩን ለማንም አይንገሩ» ብሎ አስጠንቅቋታል። የእሱ ማስጠንቀቂያ፣ እንደሚያዩት፣ ከብድር ማስታወቂያ ሥር አልተጻፈም።

«እታለም፣ ይኼ ሰው ሌባ ነው» ብላት፣ «ሂድ ወዲያ! አንድ ሰው እንዴት አደርሽ ቢለኝ ዓይንህ ቀላ» አለችኝ። ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች አሠራር ባዕድ አለመሆኔን ላስረዳት ብሞክር ደግሞ፣ «አንተ ዋና ዳይሬክተር በነበርክበት ዘመን የእኔ ቧንቧ በሳምንት ስንቴ ነበር ውሃ የሚያየው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ሁለቴ ነበር፣ ክቡርነትዎ። አንዳንድ ጊዜም አንዴ። ስለዚህ የእርስዎን ሙዚቃና የእርስዎን ወረፋ ስወቅስ ከራሴ ወንበር ጋርም እየተሟገትሁ መሆኔን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ያኔ ስልኩን አንሥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ለእህቴ የምነግራት ቃል ሚዛን ይኖረው ነበር።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ከሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት በፊት፣ መታወቂያ ያንጠለጠለ አንድ ባልደረባዎን በሯ ድረስ ልከው፣ እውነተኛ ባንክ የምስጢር ቁጥር በስልክ እንደማይጠይቅ፣ የሚጠራጠር ሰውም ስልኩን ዘግቶ በካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ራሱ መደወል እንዳለበት ያስረዱልኝ። የሚላከው ሰው ድምፁ ለስለስ ያለ ቢሆን፣ ስለ ጉልበቷም ቢጠይቃት እመርጣለሁ፤ ተወዳዳሪው ቀላል ሰው አይደለም። ይህ ሁሉ ከመመሪያ ውጪ ከሆነ ግን፣ ያንን ሰው ፈልገው በደንበኞች አገልግሎት ኃላፊነት ይቅጠሩልኝ፤ ቢያንስ ደመወዙ ከእህቴ ዓይን ላይ አይቆረጥም።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ይልቁንም ወደፊት ይሰጡኛል ብዬ ለምጠብቀው ትዕግሥት፣ ከወዲሁ ከልብ እያመሰገንሁ፤

ክቡርነትዎን ሁልጊዜ የማከብር፣ በሌባ የምቀና፣ የአንዲት አዋላጅ ታናሽ ወንድም።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት፣ ዛሬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እህቴ ቅናቴ እንዲበርድልኝ ስትል ብቻ ወደ ቅርንጫፍዎ አብራኝ መጣች። በመስኮቱ የተቀመጡት ሠራተኛ በመልካም ፈገግታ ተቀብለውን፣ ሒሳቡን ከማገዳቸው በፊት ማንነቷን ለማረጋገጥ፣ አሁን በስልኳ የላኩላትን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ጮክ ብላ እንድታነብላቸው ጠየቋት። እህቴ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ወንድሜ ይህን ቁጥር ለማንም እንዳልሰጥ አስምሎኛል» አለቻቸው። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሌን ሰምታለችና ደስታዬ ወደር የለውም። ሒሳቡ ግን አልታገደም፤ ሰኞም ከነገ ወዲያ ነው።