ወፍራሙ መጽሐፍ ይሁን

ወረታ፣ ኅዳር 1981

ይድረስ አዲስ አበባ ላለው ልጄ ለኡመር። አሰላሙ አለይኩም። ይህ ወረቀት በጤና ያግኝህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እናትህንም ክረምቱ ሲወጣ የጉልበቷ ሕመም ለቀቅ አድርጓታል።

ለወንድምህ ለኢሳቅ፣ ኮምፒውተርን በጽሑፍ ትእዛዝ ማሠራት የሚያስተምሩ ሁለት መጻሕፍት አግኝቻለሁ ብለሃል። ቀጭኑ እዚሁ ቤት ተነቦ በወር ያልቃል። ወፍራሙ ግን መሥሪያ ቤትህ ካለው ኮምፒውተር ፊት ካልተቀመጡ አይገባም፤ ዓመትም ይፈጃል። አንተ ቀጭኑን መርጠሃል።

ሱቁ ደኅና ነው። የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ሸሽቷል። የቁሐር መንደሩ ገበሬ ካሴ ሩዙን ብቻውን ያጭዳል፤ ልጁ ይፋግ ገበያ እንደወጣ አልተመለሰም። አሁን ከብት ወደ ገበያ የሚነዱት ሴቶች ናቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ትናንት የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መጥቶ የኢሳቅን ዕድሜ ጠየቀኝ። እናትህ ቀድማኝ «ገና ልጅ ነው» አለችው። ኢሳቅ ጓዳ ነበር። ሰሞኑን ጓዳ መቀመጥ ወዷል።

ስለ መጽሐፉ፣ ወፍራሙ ይሁን። ከእሱ የሚወፍር ካለም እሱን ፈልግ። በፖስታ እንዳትልከው፤ ኢሳቅ ራሱ ከእናትህ ጋር በሐሙሱ አውቶቡስ ይመጣል። ቶሎ ከገባው ከመጀመሪያው ገጽ ደግመህ አስጀምረው።

አላህ ሁለታችሁንም ያቆይልኝ።

አባትህ አህመዲን